የተቀየረው የኋላ ሻንሲ ባለመዛጉ ምክንያት ስለመውደቁ

ለተሽከርካሪ ምርመራ ጣቢያ ክቡር ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ እጅዎ በሚገባበት ሰዓት ወገብዎ ከሕመም፣ ወንበርዎ ከመንቋቋት፣ የማኅተምዎ ቀለምም ከመድረቅ ተጠብቀው እንዲያገኛቸው ከልብ እመኛለሁ። ስለ እኛ የጠየቁ እንደሆነ እኔም ባለቤቴም ደህና ነን፤ አማቴ ግን ደህና መሆናቸው በጣቢያዎ ገና ስላልተረጋገጠ ደህና ናቸው ብዬ ለመጻፍ አልደፍርም። ደብዳቤውን በአደባባይ የጻፍኩት ለክብርዎ ሳልጠነቀቅ ቀርቼ አይደለም። ቀደም ብዬ በትሕትና የጻፍኳቸው ሁለት ደብዳቤዎች ቢሮዎ ደጃፍ ካለችው የአስተያየት ሳጥን ገብተው ስለቀሩ፣ የሳጥኗም ቁልፍ ከጠፋ ሦስት ዓመት እንዳለፈው ጥበቃው ስለነገሩኝ ነው።

ራሴን ላስተዋውቅ። የልብስ ስፌት መኪና ጠጋኝ ነኝ፤ እንጀራዬ ከጣት ጫፍ የማይበልጡ ቡሎኖችን መፍታትና መግጠም ነው። ባለቤቴ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነው። አብረውን የሚኖሩት እናቱ፣ ማለትም አማቴ፣ ከአራት ወር በፊት የዳሌ አጥንታቸው ተሰብሮ ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ገብቶላቸዋል። ሐኪማቸው ሁለት ነገር አዝዟል፤ በሳምንት ሁለት ቀን እግራቸውን የሚያሠራ ባለሙያ ዘንድ እንዲሄዱ፣ ደግሞም ከጉልበታቸው ዝቅ ያለ ወንበር ላይ ፈጽሞ እንዳይቀመጡ። በሰፈራችን የሚገኘው ታክሲ ሁሉ መሬት ለመሬት የሚሄድ ነው። ደግነቱ ያለችን መኪና ከፍ ያለች፣ ሰዉ ኤስዩቪ የሚላት ስለሆነች የኋላ ወንበሯ ለአማቴ ዳሌ ተለክቶ የተሠራ ይመስላል። ስለዚህ ጉዳያችን አጭር ነው፤ መኪናዋ ከቆመች አማቴ አይቆሙም።

ቅሬታ ማብዛት ነውር መሆኑን አስተዳደጌ ስላስተማረኝ፣ ከዚህ በታች የማቀርበው ምስጋናዎቼን በተራ ቁጥር ነው።

1ኛ. ለስድስት ተከታታይ ዓመታት መኪናችን ጤነኛ እንደሆነች ስላረጋገጡልን አመሰግናለሁ። በእነዚህ ዓመታት መርማሪዎችዎ ከመኪናዋ ፊት ቆመው ጡሩምባዋን አስነፍተው፣ መብራቷን አስበርተው፣ ታርጋዋን ከሊብሬዋ ጋር አስተያይተው ቦሎዋን ይለጥፉልን ነበር። ከመኪና ሥር ገብቶ ለማየት የተቆፈረው ጉድጓድ የምሳ ዕቃና የተሰበረ ወንበር ማስቀመጫ ሆኖ ስለቆየ፣ የሰዎቹን ምሳ ረግጠው ይመርምሩ ማለት እኔም አልችልም። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው ይባላል፤ ጣቢያዎ ይህን ተረት በሚገባ ስለሚያውቅ ይመስለኛል ወደ ኋላ ዞሮ ያየ ሰው አልነበረም።

2ኛ. በሰባተኛው ዓመት ግን አንድ ስሕተት ተሠራ፤ ሥራውን የሚሠራ ሰው ተመደበ። እኚህ መርማሪ ምሳ ዕቃዎቹን በክብር አነሡና ጉድጓዱ ገቡ። በካቻቢቴያቸው ጫፍ የኋላውን ሻንሲ፣ ያም የኋላ እግሮቿን፣ ሞላዎቿንና ዲፈረንሻሏን አቅፎ በአራት ትልልቅ ቡሎኖች ከአካሏ ጋር የሚያይዛትን ወፍራም ብረት፣ ወጋ አደረጉት። ካቻቢቴው እስከ እጀታው ገባ። መልሰው ሲስቡት አንድ እፍኝ ቡናማ ዱቄት ፊታቸው ላይ ፈሰሰ። ዓይናቸውን እየጠረጉ ወጡና “እህቴ፣ ከኋላ ማን ነው የሚቀመጠው?” አሉኝ። አማቴ ናቸው አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና “ትወጃቸዋለሽ?” ሲሉ ጠየቁኝ።

ክቡር ኃላፊ፣ በዚህ ጣቢያ ደጃፍ በሰባት ዓመት ውስጥ የተጠየቅሁት ብቸኛው ቁም ነገር ይህ ነው። ለእኚህ ሰው ያለኝ ምስጋና እውነተኛ ስለሆነ ከሌሎቹ ምስጋናዎቼ ጋር እንዳይቀላቀልብኝ አደራ እላለሁ። በደንባችሁ መሠረት የተበላሸው ብረት ላይ በቢጫ ቀለም ቁጥር 17 ጻፉበት፤ በወረቀቱም ላይ “ምልክት ቁጥር 17፣ የኋላ ሻንሲ፣ በዝገት ተበልቷል” ብለው የሠላሳ ቀን ጊዜ ሰጡን። በሠላሳ ቀን ውስጥ ተጠግና ካልቀረበች ታርጋዋ ይፈታል። ሰውየው ግን የእኛን ሠላሳ ቀን እንኳ ሳይጠብቁ ወደ መዝገብ ቤት መዛወራቸውን ሰማሁ፤ መኪና መጣል አብዝተዋል ተብሎ ነው አሉ።

3ኛ. “ባለንብረቱ በራሱ መንገድ ያስጠግናል” ስለሚለው ውብ አንቀጽዎ አመሰግናለሁ። መጀመሪያ ወደ ጋራዥ ሄደን ነበር። ባለ ጋራዡ ጎንበስ ብለው አይተው፣ ቀና ብለው ደግሞ እኔን አይተው “ወረፋው ሁለት ወር ነው፤ ባይሆን ለምን ለቁራሌ አትሰጫትም?” አሉኝ። ሁለት ወር ከሠላሳ ቀን እንደሚበልጥ ለባለቤቴ አስረድቼ ስጨርስ፣ የራሳችን መንገድ የራሳችን ግቢ መሆኑ ግልጽ ሆነ። ደግሞም ስፌት መኪናም መኪና ነው።

ጎረቤታችን ጡረታ የወጡ በያጅ ናቸው። ሰፈሩ “ጋሽ ቀስ በሉ” ይላቸዋል፤ ከእነዚህ ሁለት ቃላት ሌላ ሲናገሩ የሰማቸው ጥቂት ነው። እሳቸው ከፊት ተጋጭታ ከሥራ ከወጣች ተመሳሳይ መኪና ላይ ደህና የኋላ ሻንሲ ፈልገው አገኙልን፤ ክሪኩንና የተሰቀለች መኪና የምትቆምባቸውን አራት የብረት እግሮች፣ ካቫሌቶዎቹንም ከቤታቸው አመጡ። መኪናዋን ሰቅለን ጎማዎቿን አወለቅን፤ የጭስ ማውጫዋን፣ ማርሚታዋን አወረድን፤ የፍሬን ቱቦዎቿንና የእጅ ፍሬን ገመዷን ለየን። ከዚያ በኋላ ያሉትን ሦስት ቀናት ያሳለፍነው ምንም ባለመፍታት ነው። አራቱን ዋና ቡሎኖች ጠዋትና ማታ ዘይት እያጠጣን እንደ በሽተኛ ስንጠይቃቸው ሰነበትን። እኔ ቁልፉን ይዤ ስንጠራራ ጋሽ ቀስ በሉ “የዛገ ቡሎንና የኮረፈ ሰው በጉልበት አይፈታም” አሉኝ፤ ከሳቸው አፍ የወጣ ረጅሙ ንግግር ይህ ነው። ሦስቱ እሺ አሉ። አራተኛው አንገቱ ተቀንጥሶ እግሩ ውስጥ ቀረ፤ እሱንም ጋሽ ቀስ በሉ ጫፉ ላይ ዳዶ በይደውበት፣ በእሳት አሙቀው፣ ቀስ ብለው አወጡት።

ባለቤቴ የተፈታውን ሁሉ በፖስታ እያሸገ፣ በላዩ እየጻፈ፣ በመደዳ ደረደረልን። እግዜር ይስጠው፤ የደረደረው ግን በሥራ ልማዱ በፊደል ተራ ነበር። ስለዚህ ስንገጥም መጀመሪያ መግባት ያለበት “ዋና ቡሎን” ከወ ቤት መሃል ተሸሽጎ፣ መጨረሻ የሚገባው የማርሚታ ማሰሪያ በመ ምክንያት ከፊት ቀደመ፤ የፍሬኑ ደግሞ ፈ ሆኖ ከአጥሩ ጥግ ተገኘ። አማቴ በሁለት ትራስ ከፍ ባለው ወንበራቸው ላይ ደጃፍ ተቀምጠው ሥራውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይመሩ ነበርና “ይኼ ልጅ ቡሎን ሲፈታም ገጽ የሚገልጥ ነው የሚመስለው፤ አንቺ ያዢው!” እያሉ የወለዱትን ልጅ ከሥራ ያባርሩት ነበር።

አሮጌው ብረት በሁለት ክሪክ ሚዛኑን ጠብቆ ወርዶ መሬት ሲነካ፣ አንደኛው ክንዱ እንደ ደረቅ ዳቦ ተቆረሰ። አማቴ ለስድስት ዓመት የተቀመጡበትን ነገር አዩት፤ ከእናንተ ቢጫ ቀለም በስተቀር ጤነኛ ቦታ አልነበረውም። እኔም አየሁት። ስንት ቁልቁለት ወርደንበታል፣ ስንት ጊዜ ከኋላ ተቀምጠው እንቅልፍ ወስዷቸዋል እያልኩ የተቆረሰውን ክንድ ከመሬት አነሣሁት።

የመጣውን ሻንሲ በሽቦ ብሩሽ ፈተግነው፤ ጸረ ዝገት ሁለት ጊዜ፣ ጥቁር ቀለም አንድ ጊዜ ቀባነው፤ ማንም የማያየውን የውስጡንም ክፍል ቀባነው። የጎማ ቀለበቶቹን በአዲስ ቀየርን። ቀጥ ማለቱን በልብስ መለኪያ ሜትሬ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ሰያፍ ለካሁ፤ ሁለቱም እኩል መጣ። ቡሎኖቹን በልክ የሚያጠብቀውን ቁልፍ ከጎሚስታው ተውሰን ጋሽ ቀስ በሉ አንድ በአንድ አጠበቁ፤ እኔ ደግሜ፣ ባለቤቴም ሠልሶ ፈተሸ። የፍሬኑን አየር አወጣን። አማቴን ከማሳፈራችን በፊት አሸዋ በጆንያ ከኋላ ጭነን በሰፈሩ ጉድጓዳም መንገድ ሦስት ጊዜ ዞርን። የጆንያዎቹ ክብደት የሳቸውን ሁለት እጥፍ እንዲሆን ያዘዙት ራሳቸው አማቴ ናቸው፤ ክብደታቸውን ግን ሊነግሩን አልፈቀዱም።

ይህ ሁሉ ዘጠኝ ቀን ፈጀ። በዘጠኙ ቀናት ውስጥ አማቴ ሦስት ሕክምና አመለጣቸው። እግራቸውን የምታሠራቸው ባለሙያ በስልክ “እግሩ አሁን ካልተማረ በኋላ አይማርም፤ እንዳታቋርጡ” ብላኝ ነበርና ያሳሰበኝ ይኸው ነው።

4ኛ. የጣቢያዎ ቅጽ ከተራ ቁጥር 3 ወደ ተራ ቁጥር 5 ስለሚዘል፣ እኔም በትሕትና እዘላለሁ።

5ኛ. መኪናዋን በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ይዘን ስንቀርብ ስለተደረገልን አቀባበል አመሰግናለሁ። አዲሱ መርማሪዎ ጉድጓዱ መግባታቸው ራሱ እድገት ነው። ባትሪ ይዘው ገቡ፤ ብዙ ቆዩ፤ ከፊት እስከ ኋላ ፈለጉ። እኔ ሥራችንን የሚያደንቁ መስሎኝ ከላይ ሆኜ ስኩራራ ነበር። ወጥተው ግን “ቁጥር 17 የለችም” አሉኝ። አዎ፣ ቁጥር 17 የተጻፈባት ብረት ስለዛገች አውልቀን ጥለናት በምትኩ ደህና አስገብተናል ብዬ አስረዳኋቸው። በትዕግሥት አዳመጡኝና “ገብቶኛል እህቴ። ግን ቅጹ የሚለው ‘ምልክት የተደረገበት ክፍል ተጠግኖ ታይቷል’ ነው። ምልክት የተደረገበት ክፍል የለማ! የሌለ ነገር ተጠግኗል ብዬ እንዴት ልፈርም?” አሉኝ። በወረቀቴም ላይ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ “ምልክት ቁጥር 17 አልተገኘም። ወድቋል” ብለው ጻፉ።

የተበላሸውን ነገር ጨርሶ ማስወገድ በጣቢያዎ ሕግ ማስረጃ ማጥፋት መሆኑን ባለማወቄ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ዝገቱን ሳላወልቅ በላዩ ላይ ቆርቆሮ በይጄ፣ ቢጫውን ቀለም ብቻ ጠብቄ ብመጣ ኖሮ፣ ይኸኔ ቦሎዬ ተለጥፎ ነበር። ይህንን ከራሴ አእምሮ አላመጣሁትም፤ መርማሪው ራሳቸው ነግረውኛል፣ ለእኔ አዝነው ነው።

6ኛ. “እንግዲያው ምልክቱ ያለበትን አምጪው” ስለተባልኩም አመሰግናለሁ፤ ቢያንስ መውጫ አለው ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። በማግሥቱ ጋሽ ቀስ በሉና እኔ አሮጌውን ብረት፣ ከተቆረሰው ክንዱ ጋር፣ በእጅ ጋሪ ጭነን ስድስት ማቋረጫ መንገድ አሻግረን አመጣነው። ሰዉ መንገድ ዳር ቆሞ አየን። መርማሪው ተንበርክከው በጨርቅ ጠረጉት፤ ቁጥር 17ን አገኟት፤ ደስታቸው ከእኛ አይተናነስም ነበር። ከዚያ ካቻቢቴያቸውን አውጥተው ወጉት። ገባ። ቀና ብለው በሐዘኔታ አዩኝና “እህቴ፣ ይኼ እኮ አልተጠገነም” አሉኝ።

ክቡር ሆይ፣ ጋሽ ቀስ በሉ እንኳ ቀስ በሉ ማለት አቃታቸው። በወረቀቱ ላይ “ምልክት ቁጥር 17 ቀርቧል፣ ዝገቱ እንዳለ ነው፣ ለሁለተኛ ጊዜ ወድቋል” ተብሎ ተጻፈ። እንግዲህ በአንድ ሳምንት ውስጥ መኪናዬ አንድ ጊዜ የዛገው ብረት ስለሌላት፣ አንድ ጊዜ ደግሞ እሷ በሌለችበት የዛገው ብረት ስላለ ወደቀች ማለት ነው። ከዚያም ብረቱ ያራገፈው ዝገት የጣቢያውን ወለል ስላቆሸሸ መጥረጊያ ተሰጠኝ። ጠረግሁ። ወለሉን አሳምሬ መጥረጌን መርማሪው ይመሰክራሉ፤ ቅጽ ስላልነበረው ወዲያውኑ አልፏል።

7ኛ. በመስኮት በኩል ያሉት ጸሐፊዎ ስላሳዩኝ ርኅራኄ አመሰግናለሁ። ወረቀቴን ሲመልሱልኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው “ምን አደከመሽ፤ ቢጫ ቀለም እኮ ጥግ ላይ ካለው ሱቅ ይሸጣል” አሉኝ። በቅንነት ነው ያሉት። ሄጄ ገዛሁ። እውነቱን ልንገርዎ፣ ትንሿን ቆርቆሮ ከፍቼ፣ ብሩሼን ነክሬ፣ በጀርባዬ ተኝቼ መኪናዋ ሥር ገባሁ። ሁለት አሃዝ ብቻ ነበር የቀረኝ።

አልቻልኩም። ሕግ ፈርቼ አይደለም፤ ደጃፍዎ ላይ የተለጠፈውን “የጣቢያውን ምልክት አስመስሎ መጻፍ ያስቀጣል” የሚለውን ማስታወቂያ ፀሐይ ስላጠፋው ማንም አያነበውም። ያቃተኝ ሌላ ነው። ያቺን ቁጥር የጻፏት በሰባት ዓመት ውስጥ ከመኪናችን ሥር የገቡት አንድ ሰው ናቸው፤ ፊታቸው ላይ ዝገት ፈስሶባቸው ነው የጻፏት። እናንተ መዝገብ ቤት ከወረወራችኋቸው በኋላ እኔ ደግሞ የእጅ ጽሑፋቸውን ልስረቅ? ብሩሼን አጥቤ ወጣሁ። ለአማቴ ነገሩን ሳስረዳቸው “በቀለም የሚድን ከሆነ ዘጠኝ ቀን ምን አለፋችሁ?” አሉኝ፤ ይህን ጥያቄ ለእርስዎ አስተላልፋለሁ።

ክቡር ኃላፊ፣ ሠላሳው ቀን የሚሞላው የፊታችን ሐሙስ ነው። የአማቴ ሕክምናም ሐሙስ ጠዋት በሦስት ሰዓት ነው። ስለዚህ ሁለት ሰዓት ላይ፣ በርዎ ሲከፈት፣ መኪናዋን ጉድጓዱ ላይ አቆማታለሁ። ከእርስዎ የምለምነው ቀላል ነው፤ ከወንበርዎ ተነሥተው፣ የፈለጉትን ካቻቢቴ ይዘው፣ ጉድጓዱ ይግቡና የኋላውን ሻንሲ በፈለጉት ቦታ፣ በፈለጉት ኃይል ይውጉት። ምልክት አይፈልጉ፤ ብረት ይፈልጉ። ደንባችሁ በምርመራ ጊዜ ተሳፋሪ ይወርዳል ይላል፤ አማቴ ግን እንደማይወርዱ ከወዲሁ አሳውቀዋል። “ሲወጉት ላዩ ላይ ልቀመጥ፤ ካቻቢቴው ከገባ እኔም አብሬ ልውደቅ” ብለዋል። እሳቸው ያንን ወንበር የሚያምኑት ቦሎ አይተው አይደለም፤ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ደጃፍ ተቀምጠው እጃችንን አይተው ነው።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምርና ላብቃ፤ ይህኛው ምስጋናም ቀልድም አይደለም። ከትናንት ወዲያ አማቴ ባለሙያዋ ዘንድ ምርኩዛቸውን ግድግዳ አስደግፈው፣ ማንም ሳይዛቸው፣ ስምንት እርምጃ ሄዱ። ባለቤቴ አለቀሰ። ባለሙያዋ ስትቆጥር ሰማኋት፤ ስምንት ስትል ደከማቸውና “የቀረውን ሐሙስ” አሉ። ሐሙስ ታርጋችን ከተፈታ፣ ክቡር ሆይ፣ እርስዎ የሚከለክሉት መኪና አይደለም። ዘጠነኛውን እርምጃ ነው።

ለቢሮዎ ጥላ፣ ለወንበርዎ ከፍታ፣ ለፊርማዎ ውበትና ለዝምታዎ ርዝመት ያለኝን ጥልቅ አክብሮት እየገለጽኩ፣ ሁለት ጊዜ የወደቅሁ ነገር ግን ብረቴ የቆመልኝ፣ ወለልዎን የጠረግሁ፣ ሐሙስ ከደጃፍዎ የማልጠፋ ታዛዥዎ፤

የስፌት መኪና ጠጋኟ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ያን ዕለት ወለሉን ጠርጌ ስጨርስ መጥረጊያው ከጥላው ሥር ወደቆመችው ነጭ የቢሮ መኪናዎ ሥር ተንሸራተተብኝ። ላወጣው ጎንበስ ስል ዓይኔ ልማድ ሆኖበት ወደ ላይ አየ። የዘንድሮ ቦሎዋ መስተዋቷ ላይ በጣም ያምራል። የኋላ ሻንሲዋን ግን ካቻቢቴ ስላልያዝኩ በጣቴ ገፋ አደረግሁት፤ ጣቴ ገባ። ጠዋት ጠዋት ልጆችዎን ትምህርት ቤት የምታደርሰው እሷ መሆኗን ጥበቃው ነገሩኝ። ካቫሌቶዎቹ አሁን ባዶ ናቸው፤ ጋሽ ቀስ በሉም ፈቃደኛ ናቸው፤ የግቢያችን በር ለእርስዎ ክፍት ነው፤ ወረፋም የለንም። እስኪያመጧት ድረስ ግን፣ እባክዎ፣ ልጆቹን በእግር ይላኳቸው።